ፀጉር አምራቾች ነበርን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ የመጣ ዕለት አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ፊት ለፊት የተጻፈው በጣም ስላነሰበት ቀሪው ከኋላ ያለ መስሎት ነበር።

"ይሄው ነው?" አለኝ።

"ይሄው ነው።"

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አዝኖ ዝም አላለም፤ በማግስቱ ከስፌት መኪናው ፊት አስቀምጦ ሥራ ሊያስተምረኝ ሞከረ። በሦስተኛው ቀን የአንድ ቡና ነጋዴን ኮት እጅጌ ከኪሱ ጋር አጋጥሜ ሰፋሁት። ሰውየው ሊለካው ሲመጣ እጁን አስገባ፣ አስገባ፣ መውጫ አጣ። አባቴ ኮቱን ከላዩ ላይ እየተረተረ፣ ወደኔ ሳይዞር፣ "አንተ ልጅ፣ መንግሥት ይቅጠርህ" አለኝ። በአባቴ ቋንቋ ይህ ከባድ እርግማን ነበር።

መንግሥት ግን አልቸኮለም። ጊዜው የደርግ ነው፤ ጅማ ውስጥ እንደኔ ተምሮ ሥራ የፈታ ወጣት ሞልቷል። ጠዋት ጠዋት ጊንጆ ጉዱሩ ካለው ቤታችን እወጣና ከጓደኞቼ ጋር ድልድዩ ላይ ቆመን የሚያልፉትን የቡና መኪናዎች እንቆጥራለን። ባዶውን የሚመለስ መኪና ይቆጠር አይቆጠር በሚል ሁለት ሳምንት የተኳረፍን ጊዜ አለ። ጎረቤት "ልጅሽ የት ይውላል?" ብሎ እናቴን ሲጠይቃት "መኪና ቆጠራ ላይ ነው" ትል ነበር። አነጋገሯ የመንግሥት ሥራ ስለሚያስመስለው አንዳንዶቹ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብለዋታል።

አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ትልቅ አፍሮ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ትልቅ ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ በበር ሲገቡ መጀመሪያ ፀጉሩ ይገባል፣ እሳቸው ቆይተው ይከተላሉ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጡ ከኋላቸው ያለው ሰው ስብሰባውን በጆሮው ብቻ ነው የሚካፈለው። ያን ዕለት ቆመው አንድ ወረቀት ዘረጉ።

"አዲስ መመሪያ ወርዷል" አሉ። "ሥራ አጥ ወጣት ሁሉ በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጃል። ቤት ከቀበሌ፣ ምክር ከአውራጃ። ምን እንደምታመርቱ እናንተው ምረጡ።"

"መሣሪያስ ከየት?" አለ አንዱ።

"እሱን ምክሩ ውስጥ ይነግሯችኋል።"

መምረጫው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኛ ሦስት ሆነን እስክንመካከር እንጨት ሥራው ተወሰደ፣ ስፌቱ ተወሰደ፣ ጡቡ ተወሰደ፣ ሽመናውም ተወሰደ። የቀረው ከሥር በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ፀጉር ማስተካከል።

ሦስቱ እኔ፣ አንድ ረጅም ጓደኛዬና አንዲት የሰፈራችን ልጅ ነበርን። ረጅሙ የሰቃ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ጅማ መጥቶ፣ ትምህርቱ ሲያልቅ መመለሱን ረስቶ ቀረ። ልጅቷ በሰፈሩ አንደኛ የሚባል የእጅ ጽሑፍ ነበራት። ማኅበር ውስጥ የገባችው ቃለ ጉባኤ የሚጻፍበት መዝገብ ይሰጣል ሲሉ ሰምታ ነው፤ ምን እንደሚመረት ግድ አልነበራትም። ጸሐፊያችን ሆነች።

ሊቀመንበሩ ቢሯቸው አስገብተው ጠየቁን። "ከመሃላችሁ ፀጉር ቆርጦ የሚያውቅ አለ?"

ረጅሙ እጁን አወጣ።

"የማንን ቆረጥክ?"

"የአባቴን..." አለና እጁን አወረደ። "በቅሎ።"

አባቱ ከሰቃ ቡና በበቅሎ የሚያመላልሱ ሰው ናቸው፤ እሱ የጋማ ቆራጭ ነበር። ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡና ወደ ጸሐፊያችን ዞሩ። "ልምድ አለ ብለሽ ጻፊ።"

መመሪያው ቢያንስ አራት ሰው ይላል፤ እኛ ሦስት ነን። አራተኛውን ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር አገኘናቸው። አንድ ወንበር፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ምላጭና ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የእጅ ቶንዶስ ይዘው የሰው ራስ የሚላጩ ሽማግሌ ነበሩ። የጅማ ሙስሊም ናቸው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው፣ ኦሮምኛውን ከዱዓው ጋር ቀላቅለው ነው የሚያወሩት። እኛ አባባ እንላቸዋለን። ቀበሌው ለብቻቸው መሥራት እንደማይችሉ ነግሯቸው ስለነበር እኛ ስንመጣ ሣጥናቸውን አንስተው ተከተሉን።

ሊቀመንበሩ ሲያዩአቸው ግራ ገባቸው። "አባባ፣ ይሄ እኮ የወጣቶች ማኅበር ነው። ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"እኔ አልቆጠርኩም፣ ያ ኢልማ፣ ልጄ። ጣሊያን ይሄን የጅማን መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ።"

"ያኔ ልጅ ነበሩ?"

"ያኔ ሁለት ልጅ ነበረኝ።"

ሊቀመንበሩ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ቶንዶስ ያለው ሰው አባባ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ "ወጣት ብለሽ ጻፊ" አሉ። አባባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ! ቤት ሄጄ ለባለቤቴ እነግራታለሁ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ወረቀታችን ወደ አውራጃው ሄደ። እዚያ ያለው ባለሙያ ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ የሚሰካ ቀጭን ሰው ነበር። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበና አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ።

"የምርት ዓይነት የሚለው ላይ ፀጉር ማስተካከል ብላችኋል። ይሄ ምርት አይደለም፤ አገልግሎት ነው። መመሪያው ደግሞ አገልግሎት የሚባል ነገር አያውቅም። የአምራቾች ማኅበር ነው የሚለው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኩት።

አሰበ። ከእስክሪብቶዎቹ አንዱን አወጣ፣ መለሰ፣ ሌላውን አወጣ። "ስትቆርጡ መሬት ላይ ምን ይወድቃል?"

"ፀጉር።"

"ከመቁረጣችሁ በፊት መሬት ላይ ነበር?"

"አልነበረም።"

"ከቆረጣችሁ በኋላስ?"

"አለ።"

"እና አመረታችሁ ማለት አይደል?" አለና ጻፈው። የምርት ዓይነት፦ ፀጉር። ከአጠገቡ ደግሞ መለኪያ የሚል ስለነበረ ኪሎ ብሎ ሞላበት። ክቡን ማኅተም ሲመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር ከማኅተሙ ሥር የሚያወጣው ሰው አልተገኘም።

ቀበሌው የቀድሞ የቡና መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ሰጠን። ጠርገን፣ ኖራ ቀብተን፣ መስተዋት ሰቀልን። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ በማኅተሙ ወረቀት ላይ ካለው ስም ጋር አንድ መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ ሠዓሊው በትልልቅ ቀይ ፊደል "የወጣቶች ፀጉር አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር" ብሎ ጻፈ።

የምረቃው ዕለት የመጀመሪያው ደንበኛ ሊቀመንበሩ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሕዝቡ በር ላይ ተሰብስቧል፤ የቀበሌው ኪነት ከበሮውን ይዞ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ወጡና "ጫፍ ጫፉን ብቻ" አሉ። አባባ ሊቆርጡ ሲነሡ ጸሐፊያችን በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው፦ ፎርሙ ላይ ልምድ ያለው ተብሎ የተጻፈው ረጅሙ ነው። ረጅሙ ቶንዶሱን ተቀበለ። ፈርቷል። ሲፈራ ደግሞ እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ የሊቀመንበሩን አንገት መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ አይዞህ" አላቸውና ቶንዶሱን ከግንባራቸው በላይ አስገባ።

ቶንዶሱ ጥቂት ሄደና ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልል አለ።

"ቱሪ! ቱሪ!" አሉ አባባ። "ቆይ፣ አትጎትት!"

ጎተተ። ሊቀመንበሩ "እ!" አሉ። ልክ በዚያች ሰዓት የአውራጃው ባለሙያ ከመኪና ወረደ። ኪነቱ እንግዳውን ሲያይ ከበሮውን ለቀቀው፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ መርሐ ግብሩ ላይ ቀጥሎ ያለው የሊቀመንበሩ ንግግር ነበርና ሊቀመንበሩ ተነሡ። ቶንዶሱ አፍሮው መሃል ተሰክቷል። እጀታዎቹ ወደ ላይ ተነሥተው እንደ አጋዘን ቀንድ ይታያሉ። እኚህ ሰው ያለ አንዳች መደናገር ስለ ምርትና ስለ ወጣቱ ኃይል ረጅም ንግግር አደረጉ። ራሳቸውን በነቀነቁ ቁጥር ቶንዶሱ ቀጭ ይላል። አንድም ሰው አልሳቀም። የአውራጃው ባለሙያ ጭራሽ ታስቦበት የተደረገ መስሎት፣ ሲጨርሱ እጃቸውን ጨብጦ "መሣሪያውን አስቀድሞ ማሳየቱ ጥሩ ሐሳብ ነው" አላቸው።

ከአባቴ ቤት የስፌት መኪና ዘይት ሮጬ አመጣሁ። አባባ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ቢስሚላህ እያሉ፣ በብዙ ትግል አወጡት። ከግንባር እስከ አናት የአጋሮን መንገድ የመሰለ ባዶ መስመር ቀርቷል። ሌላ መላ ስላልነበረ ሁሉንም ላጩት። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሊገቡ ሲሉ የቀበሌው ዘበኛ አላወቃቸውም፤ መታወቂያ ጠየቃቸው። አሳዩት። ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ። "ይሄ ሰው ገና አልገባም፤ እዚህ ጋ ቁጭ ብለው ይጠብቁት" አላቸው።

ሰሌዳው ራሱን የቻለ ጣጣ አመጣ። ሐሙስ ገበያ ነው። አንድ መላጣ ሰው ከደዶ አንድ ገንቦ ማር ተሸክመው መጡና ገንቦውን ከወለሉ አስቀምጠው፣ ወንበሩ ላይ ወጥተው ተመቻቹ። ራሳቸው እንደ ታጠበ ሰሃን ያበራል።

"ምን እናድርግልዎ?" አልኳቸው።

"ልጄ አንብቦልኝ ነው የመጣሁት። ፀጉር ታመርታላችሁ አይደል? አምርቱልኝ።"

እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አባባ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። በኦሮምኛ ጤና ጠየቋቸው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ጠየቋቸው። ሞቅ ባለ ፎጣ ራሳቸውን ጠቀለሉላቸው፣ ጢማቸውን አስተካከሉላቸው፣ ቅንድባቸውን ሳይቀር በመቀስ መልክ አስያዙላቸው። በመጨረሻ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው "ወንድሜ፣ አላህ ለአንዳንዱ ሰው ፀጉር ይሰጣል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ቆንጆ የራስ ቅርፅ። ሁለቱንም አንድ ላይ የሰጠው ሰው በዚህ ወንበር አልተቀመጠም" አሉ። ሰውየው መስተዋቱን ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት። "እውነት ነው" አሉና ማሩን ትተውልን ሄዱ። በየገበያው ሐሙስ ይመጡ ነበር፤ አንድም ቀን ስለ ፀጉር አላነሡም።

በየሦስት ወሩ የምርት ሪፖርት ለአውራጃው እንልካለን። ማታ ማታ ሳንዘጋ ወለሉ ላይ ያለውን ጠርገን ጆንያ ውስጥ እናስገባለን፤ ጸሐፊያችን በቡና ሚዛን መዝና ትጽፋለች። ክረምት ሲገባ ሰው ብርድ ፈርቶ ፀጉሩን ማሳደግ ጀመረ። ወዲያው ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ፦ ምርት የቀነሰበት ምክንያት በአስቸኳይ ይገለጽ። ጸሐፊያችን ቁጭ ብላ እንዲህ ብላ መለሰች፦ "ምርታችን የሚበቅለው በደንበኞቻችን ላይ ስለሆነና ደንበኞቻችንም ብርድ ብርድ ስላላቸው።" መልሱ አጥጋቢ ሆኖ ተገኘ።

በዚሁ ስንኖር አንድ ቀን አጋሮ ላይ የምርት ኤግዚቢሽን እንደሚደረግና እያንዳንዱ ማኅበር የምርቱን ናሙና ይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ። ረጅሙ ደብዳቤውን አንብቦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ፀጉር ይዘን?"

"ሌላ ምን አለን?" አለች ጸሐፊያችን። እሷ ደስ ብሏታል፤ አዲስ ቀለም ገዝታ ሰሌዳ ልትጽፍ ነው።

አንድ ሙሉ ጆንያ ጠቅጥቀን፣ አፉን ሰፍተን አራታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ኬላው ላይ ጥበቃው ሰው ሁሉ ውረድ አለ። ያን ጊዜ ቡና ያለ ወረቀት ማንቀሳቀስ ከባድ ወንጀል ነው። ጥበቃው ጆንያችንን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"ይሄ የማነው?"

"የኛ" አልን።

"ቡና ነው?"

"አይደለም።"

"ቡና የያዘ ሁሉ አይደለም ነው የሚለው። ደግሞ ከጅማ ወደ አጋሮ? ቡና ወደ ቡና አገር የሚጭን ሰው አንድ ተንኮል አለው" አለና ጆንያ ሳይፈታ ፍሬውን የሚያይባትን ሹል ብረት አውጥቶ ወጋው። ብረቷን ሲስባት ከጫፏ ላይ ጥቁር ፀጉር ተንጠልጥሎ ወጣ።

ጥበቃው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ድምፁ ቀጠነ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ፀጉር" አልኩ።

"የምን?"

"የሰው።"

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። "የየትኛው ሰው?"

የአንድ ሰው ስም መጥራት የሚቻል አይደለም፤ የአንድ ቀበሌ ሰው ሁሉ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። በዚህ መሃል ጸሐፊያችን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣችና ጮክ ብላ፣ "የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ!" አለች።

ጥበቃው ጨነቀው። ቢስቅ በሰፊው ሕዝብ ላይ መሳቅ ነው፤ ቢይዘው ሰፊውን ሕዝብ መያዝ ነው። አለቃውን ጠራ። አለቃው ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲያይ የኖረ ሰው ነበር፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀታችንን አነበበ፣ ከፀጉሩ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ አሻሸው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

"እርጥበት አለው" አለ። "የታጠበ ነው ያልታጠበ?"

"አብዛኛው ያልታጠበ ነው፣ ወላሂ" አሉ አባባ፤ "እኔ ምስክር ነኝ።"

አለቃው ራሱን ነቀነቀና አሳለፈን።

ኤግዚቢሽኑ ላይ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ቡናና በሌላው ማር መካከል ቦታ ተሰጠን። ጆንያችንን አፉን ከፍተን፣ ከጎኑ የጸሐፊያችንን ሰሌዳ አቆምን፦ ፀጉር፣ የጅማ፣ አንደኛ ደረጃ። ሰው እየመጣ ያያል፣ ሰሌዳውን ያነባል፣ እንደገና ያያል፣ ራሱን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። ንቦች ከማሩ እየተነሡ እኛ ጋ ይመጡና ገብተው ይጠፋሉ፤ ጆንያው ማጉረምረም ጀመረ።

ከቀትር በኋላ ከላይ የመጡት ትልቅ እንግዳ ከአጀቡ ጋር እኛ ጋ ደረሱ። ቆሙ። ጆንያውን አዩ። የሚያጉረመርም ፀጉር አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

"ጥሬ ዕቃውን ከየት ነው የምታገኙት?" አሉ።

ረጅሙ ተርበተበተ። "ከ... ከራሳችን ነው፣ ጓድ።"

እንግዳው ወደ አጀባቸው ዞሩ። "ሰማችሁ? ከውጭ አይጠብቁም፣ ከማንም አይለምኑም፤ ከራሳቸው! ራስን መቻል ማለት ይሄ ነው!"

ሁሉም አጨበጨበ። አንዲት ንብ ወጥታ የአንዱን አጃቢ ጆሮ ነደፈች፤ እሱም እየነደደው አጨበጨበ። በዚያ ጭብጨባ ማሩን ቀድመን ሁለተኛ ወጣን። ሽልማታችን የምስክር ወረቀትና ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መቆፈሪያ ነበር።

ሽልማት ግን ዕዳም አለው። ከሳምንት በኋላ የሚቀጥለው ዓመት ምርት እጥፍ እንዲሆን ትእዛዝ መጣ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርተው "እያንዳንዱ አባወራ በወር አንድ ራስ" ብለው ወሰኑ። የሰፈሩ ሰው ፀጉሩን እንደ ንብረቱ ይሸሽግ ጀመር። ባርኔጣ፣ ሻሽ፣ ኮፊያ፣ አንዱ ጭራሽ ድስት ደፍቶ በበራችን ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ "ገበያ ልገዛበት ነው" አለኝ። አንዲት እናት ደግሞ በፌስታል የፍየል ፀጉር ልከው፣ "ልጆቼ ራሳቸው ትንንሽ ነው፤ ለዚህ ወር ይሄን ያዙልኝ" አሉን። ጸሐፊያችን "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር መዘገበችው።

ጓዳችን በጆንያ ሞላ። መድፋት አንችልም፤ የማኅበር ንብረት ነው። መሸጥ አንችልም፤ ማን ይገዛል? አይጦች ግን ወደዱት፤ ወልደው ከበዱ። እኔ ሌላ ሥራ መፈለግ እንዳለብኝ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

በዚህ ጊዜ የረጅሙ አባት ከሰቃ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ መጡ። ሊመለሱ ሲሉ ኮርቻው የአንዷን በቅሎ ጀርባ ስለላጠው ከሥሩ የሚያነጥፉላት ለስላሳ ነገር ጠየቁን። ረጅሙ አንድ ጆንያ ፀጉር ሰጣቸው። ሰቃ ሲደርሱ ጆንያው ተቀዶ ስለነበር አውጥተው በቆሎው ማሳ ዳር ወረወሩት። ከርከሮ ያንን ማሳ በየዓመቱ ያወድመዋል፤ ውሻም፣ ጅራፍም፣ ጩኸትም አልመለሰውም። ያን ሳምንት ግን መጣ፣ አሸተተ፣ ዞሮ ሄደ። የሰው ሽታ ነው። አንድ ሰው ቢሆን ይደፍረዋል፤ አንድ ሙሉ ቀበሌ በቆሎው ዳር ተኝቶ ሲጠብቀው ግን ምን ያድርግ?

አባትየው በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ጎረቤት አስከትለው መጡ። "ያንን ፀጉር ጨምሩልን" አሉ። ከዚያ ከደዶ መጡ። እኚያ መላጣ ወዳጃችን እንኳ አንድ ጆንያ ወስደው፣ "በመጨረሻ ፀጉር አገኘሁ" ብለው ሲስቁ እንባቸው መጣ። ጓዳችን በሁለት ወር ባዶ ሆነ፤ ለዘር ወቅት ወረፋ የያዘ ገበሬም ነበር።

እኔና ጸሐፊያችን ይህን ተአምር ልንናገር እየሮጥን አውራጃ ሄድን። ባለሙያው ሰምቶን ሲጨርስ ምንም አልተገረመም። "ምኑ ይገርማል?" አለ። "ምርት ነው ብዬ ጽፌላችሁ ነበር እኮ።"

ሌላ መመሪያ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። የአገልግሎት ማኅበራትም ይፈቀዳሉ ይላል። ሰሌዳችን ተፍቆ "ፀጉር አስተካካዮች" ተባለ፣ ሚዛኑ ወደ ቀበሌ ተመለሰ፣ ሪፖርቱ ስንት ሰው ተስተካከለ ወደሚል ተለወጠ። ገበሬዎቹ ግን መመሪያውን ስላላነበቡት መምጣታቸውን አላቆሙም።

ጸሐፊያችንን ያ የክረምቱ ደብዳቤዋ አስወሰዳት፤ አውራጃው የሪፖርት ክፍል ውስጥ ቀጠራት፤ ከዚያ ወዲያ የማኅበራትን ደብዳቤ የምትመልሰው እሷ ሆነች። ረጅሙ አጋሮ ሄዶ የራሱን ቤት ከፈተና ስመ ጥር አስተካካይ ወጣው፤ አሁንም ግን ደንበኛው ሲንቀሳቀስበት አንገቱን መታ መታ ያደርጋል ይባላል። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሥራውን የማውቅ መስሎኝ ሳይሆን አባባ ስላልለቀቁኝ ነው። እጄን በእጃቸው ይዘው ምላጭ እንዴት እንደሚተኛ፣ አገጭ ሥር ሲደርስ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ አሳይተውኛል። ስቸኩል "ሱታ፣ ሱታ" ይሉኛል፤ ቀስ ማለታቸው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ያልተማርኩትን በዚያች አንድ ቃል ተማርኩ።

አባባ ሲደክሙና ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው በየዓርቡ ጠዋት ቤታቸው እየሄድኩ እላጫቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ምላጩን በድምፁ ይከታተላሉ። አንድ ዓርብ ጨርሼ፣ በፎጣ ጠርጌ፣ መስተዋቱን ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም፤ በጣታቸው ብቻ ራሳቸውን ከግንባር እስከ ማጅራት ዳበሱ።

"ባዬ ጋሪ፣ በጣም ጥሩ" አሉ። "ማሻአላህ። ከግራ ጆሮዬ ኋላ ትንሽ ቀርቷል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀርቷል።